አርባ ኩባያና አንድ በረንዳ

አሰላ፣ ጥር 24 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አበጋዝ ደጉ
የተማሪዎች የጠዋትና የማታ ማቆያ ድጎማ ጽሕፈት ቤት ሹም
አሰላ

ጉዳዩ፦ ዋስ ስለ መተካት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር በትሕትና እጠይቃለሁ። በዚህ ወር የአሰላ ብርድ አጥንት ውስጥ እንደሚገባ ስለማውቅ፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ከቤትዎ አለመውጣትዎን ባሰብኩ ቁጥር ስለ እርስዎ ደስ ይለኛል። ቤተሰብዎም ደኅና እንደ ሆነ አያለሁ፤ ጎረቤት ነንና። እኔም ደኅና ነኝ። ገና ሳይነጋ ከመንቃቴ በቀር። እሱንም ልማድ ያደረገልኝ ጽሕፈት ቤትዎ ስለ ሆነ እንደ ውለታ ቆጥሬዋለሁ።

ስሜ ተክለወልድ አሳምነው ነው። በመንግሥት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ከአንኮበር ተዛውሬ እዚህ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ሲሆን ሚስትም ልጅም የለኝም። የምኖረው ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ባላት የኪራይ ቤት ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከእኔ ይልቅ ቁም ነገር የምትሠራው በረንዳዋ ናት።

ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ከዚህ በፊት ሦስት የታሸጉ ደብዳቤዎች ልኬልዎ ነበር፤ ሦስቱም ገቡ፣ አንዱም መልስ ይዞ አልወጣም። ምናልባት እነሱም ዋስ ጥሩ ተብለው ይሆናል።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ወላጆቻቸው በማለዳ ሥራ የሚገቡና አምሽተው የሚመለሱ አርባ ተማሪዎች ከትምህርት በፊትና በኋላ የሚቆዩበት ገንዘብ መንግሥት ለዚህ ዓመት መፍቀዱን በመስከረም ሰማን። እርስዎም ገንዘቡን ሥራ ላይ ለማዋል አልዘገዩም። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተለስኖ ኖራ ተቀባ። ምድጃ ገባ። አርባ የቆርቆሮ ኩባያዎች በግድግዳው ላይ በአርባ ምስማር ተሰቀሉ። ወይዘሮ አሰገደች የሚባሉ ደግ ሴት ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። ዛሬ ጥር ሊያልቅ ነው። ኩባያዎቹ አርባ ናቸው፤ አንዱም አልተሰበረም፣ አንዱም አልጎደለም፣ ሕፃናት በሚገቡበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ ስለማላውቅ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሕፃን አልገባበትም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። ስለ ዋሱ።

ማመልከቻው ልጁ ዋስ እንዲጠራ ያዛል። ደንቡን ያወጣው ሰው በዚህ አገር ያለ ዋስ የሚሆን ነገር አይቶ እንደማያውቅ ይገባኛል፤ ለመቀጠር ዋስ፣ ለመበደር ዋስ፣ ከፖሊስ ጣቢያ ለመውጣት ዋስ እየተባለ የኖረ ሰው፣ ለሰባት ዓመት ልጅና ለአንድ ኩባያ ሻይ ዋስ መጠየቁ አይፈረድበትም። ዋሱ የመንግሥት ደመወዝተኛ፣ ጠባዩ የተመሰገነ፣ መኖሪያው ከትምህርት ቤቱ በር በአምስት መቶ እርምጃ ውስጥ የሆነ ሰው መሆን አለበት። ይህም ሰው «ወላጅ በሰዓቱ ያልደረሰ እንደ ሆነ ሕፃኑን ተረክቤ ለማቆየት ግዴታ ገብቻለሁ» ብሎ ይፈርማል።

በአምስት መቶ እርምጃ ውስጥ ያለሁት ደመወዝተኛ እኔ ነኝ። እርስዎም ነዎት፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

ስለዚህ ወላጆች ወደ እኔ መጡ። በጥቅምት ወር አሥራ አንድ ጊዜ ፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር የፈረምኩት። ስድስት ዓመት በዚህ ከተማ ስኖር ማንም ከእኔ ምንም ፈልጎ አያውቅም ነበር፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው በሬን አንኳኳ። ብርጭቆ አጠብኩ። ወንበር አወጣሁ። ፊርማዬን ከወትሮው አስፍቼ ጻፍኩ።

ከመጡት አንዷ ወይዘሮ ዙቤዳ ናቸው። ከስልጤ በኩል ከባለቤታቸው ጋር ለንግድ መጥተው፣ ባለቤታቸው ሲሞቱ ሱቁም አብሮ የተዘጋባቸው፣ አሁን በሆስፒታሉ አንሶላ የሚያጥቡ ሴት ናቸው። ቅጹን ያመጡት እጃቸው እርጥብ ስለ ነበረ በሻሻቸው ጫፍ ይዘው ነው። ሥራ የሚገቡት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ የሚወጡት ከማታው በዚያው ሰዓት። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሕፃን ብቻዋን ወንዙን ስለማትሻገር፣ ልጃቸውን ዘይቱናን ይዘው ወጥተው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትተዋት ያልፋሉ። በሩ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ዘይቱና አንደኛ ክፍል ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። በዚህ ከተማ ዘመድ የላቸውም።

ሁለተኛ። ስለ መልሱ።

በኅዳር ወር መልሱ መጣ። አሥራ አንድ ማመልከቻ፣ አሥራ አንድ አንድ ዓይነት ወረቀት። የዘይቱና እንዲህ ይላል፦ «ሕፃኒቱ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ደመወዝ ያለውና ለማቆየት በፊርማው ግዴታ የገባ ጠባቂ ያላት መሆኑ ከማመልከቻዋ ስለ ተረጋገጠ፣ ድጎማው ደግሞ የተመደበው ጠባቂ ለሌላቸው ሕፃናት ስለ ሆነ፣ ጥያቄዋን ያልተቀበልነው መሆኑን እናስታውቃለን።»

ጠባቂው እኔ ነኝ። ወረቀቱን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ።

ያላነበቡት እንዳይቸገሩ በቀላሉ ልድገመው። ዋስ የሌላት ልጅ ማመልከቻዋ ያልተሟላ ነው። ዋስ ያላት ልጅ ጠባቂ አላት፤ ስለዚህ ማቆያ አያስፈልጋትም። መዝገብ ቤት ስሠራ ብዙ ደንብ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ የተዋጣለት አልገጠመኝም። ሦስት ቀን አገላብጬ አየሁት። ሕፃን የምታክል ነገር የምትገባበት ቀዳዳ የለውም።

ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ጸሐፊዎን ወይዘሪት እታገኘሁን ጠየቅኋት። ትሑት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ እርስዎ ፈርመዋል እኮ» አለችኝ። «ደግሞ ፊርማዎ ደስ ይላል፣ ይነበባል። የሌሎቹን አይተው ቢሆን!» እንግዲያው ፊርማዬን ልሰርዝ ስላት ከቅጹ ጀርባ አንቀጽ ዘጠኝን በጣቷ አሳየችኝ፤ ዋስ ከዋስትናው የሚወርደው በቅጹ የተጻፈውን የሚያሟላ ሌላ ዋስ በምትኩ ሲያቀርብ ብቻ ነው ይላል። እባክዎ ይህን አንቀጽ አይርሱት።

ከአሥራ አንዱ ልጆች ሦስቱ ትምህርት አቁመዋል። ሰባቱ አክስትም ይሁን ታላቅ ወንድም ተፈልጎላቸዋል። የቀረችው ዘይቱና ናት። እሷ ያላት እኔን ነው፤ በጽሑፍ።

ሦስተኛ። ስለ እሳቱ።

ከኅዳር ጀምሮ ዘይቱና ጠዋት በረንዳዬ ላይ ትቀመጣለች። እኔም ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቢሮ መሄድ አለብኝ፤ ከዚያ በሩ እስኪከፈት ብቻዋን ናት። ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ትለቀቃለች፤ እኔ የምመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነው፤ እስከዚያ ብቻዋን ናት። እንደ ጠባቂነቴ ይህን ያህል ነኝ።

አንድ ቀን ውርጭ የጣለ ጠዋት ወይዘሮ አሰገደች ከማቆያው መስኮት አይተዋት ኖሮ፣ ጠርተው ምድጃው አጠገብ አስቀመጧት። አንዲት ኩባያ ከምስማሯ ወረደች። በማግሥቱ «የመንግሥትን ማገዶ ላልተፈቀደለት ሕፃን ስለ ማዋል» የሚል ማስጠንቀቂያ በፊርማዎ ደረሳቸው። አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሩን ዘግተው፣ ምድጃውን አንድደው፣ ሥራ ሰዓታቸውን አክብረው ከሠላሳ ዘጠኝ ንጹሕና ከአንድ ያደፈ ኩባያ ጋር ይውላሉ።

አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኙኝ። «አቶ ተክለወልድ፣ ስለ እመብርሃን ልጅቷን ከመስኮቴ ፊት አዙሩልኝ» አሉኝ። «እሷን እያየሁ ሻይ አልወርድ አለኝ።»

አግዳሚውን ወደ በረንዳው ሌላ ጫፍ አዛወርኩት። ፀሐይ የማይደርስበት ጫፍ ነው። እርስዎን ብቻ ለመክሰስ እንዳልተነሣሁ እንዲያውቁልኝ ይህንንም ጻፍኩ።

አራተኛ። ይህን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

በታኅሣሥ ወር ለመዝገብ ሥራ ለሁለት ቀን ወደ ኦጎልቾ ታዘዝኩ። ለወይዘሮ ዙቤዳ ነገርኳቸው፤ «አላህ ያውቃል» አሉ። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷን ይዘዋት ሥራ ገቡ። ሆስፒታሉ ከከተማው ሌላ ጫፍ ስለ ሆነ፣ በደወሉ ሰዓት ወጥቼ ላድርሳት ቢሉ ፈቃድ አጡ። ዘይቱና ቀረች። አንድ።

በሁለተኛው ቀን ከምትቀር ብለው የተዘጋው ቤቴ በረንዳ ላይ ትተዋት ሄዱ። እዚያ ስትንቀጠቀጥ ያያት ቱሳ ነው፤ እህል ከኢተያ መንገድ ወደ ወፍጮ የሚያመላልሰው ባለ ጋሪ። «ኮቱ ኢንታላ፣ ነይ ልጄ፣ ጋሪው ላይ ውጪ፣ እዚህ ከምትደርቂ ከእኔ ጋር ዙሪ፤ ደወሉ ሳይደወል እመልስሻለሁ» አላት፤ ጆንያ አልብሶ ከጎኑ አስቀመጣት። ሊመልሳትም ነበር። ከከተማው መውጫ ላይ የጋሪው ጎማ ፈነዳ። ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ አልከፈተም። ጎሚስታው እንደ እርስዎ በሦስት ሰዓት ነው የሚከፍተው። ዘይቱና ትምህርት ቤት የደረሰችው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፀጉሯ ውስጥ ገብስ ይዛ ነው። ሁለት።

ቱሳ ስመለስ ቤቴ ድረስ መጣ። «ያስቀረኋት እኔ ነኝ» አለኝ። «ፈረሱን ጥዬ አልሄድ፣ እሷን በዚያ መንገድ ብቻዋን አልሰድ። ወዴት ልሁን ጋሼ? ክስ ካለው እኔን ይክሰሱኝ።» እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ጉዳይ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ጠዋት እኔ ኦጎልቾ ነበርኩ። የሰው መዝገብ ፊቴ ተዘርግቶ አንድ ነገር ጭኔን ይወጋኝ ነበር። የቤቴ ቁልፍ። ኪሴ ውስጥ። ለወይዘሮ ዙቤዳ ልሰጣቸው እችል ነበር፤ ልጅቷ ቢያንስ ከግድግዳ ውስጥ ትሆን ነበር። አልሰጠሁም። አልረሳሁትም፤ ስወጣ እጄ ላይ ነበር፣ እሳቸውም ቆመው ነበር፣ ኪሴ ከተትኩት። ለምን እንደ ሆነ ብዙ ሌሊት ጠይቄአለሁ። ያገኘሁት መልስ አያኮራም። ቁልፉን ብሰጥ የእርስዎ ደብዳቤ እውነት ሊሆን ነበር። በእርግጥ ጠባቂ ልሆን ነበር። ያንን ፈርቼ አንዲት ሕፃን ውጭ አሳደርኩ ለማለት ይቻላል፤ ሌሊት አልነበረም እንጂ።

ወይዘሮ ዙቤዳ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በተሻለ ነበር። «ጋሼ ተክለወልድ፣ እኔ ፈርሙልኝ አልኩ እንጂ ጠብቁልኝ አላልኩም» አሉኝ። «እርስዎንም አሳሰርኩዎት። አንድ ቀን ደግሞ ከቀረች ይሰርዟታል አሉ። ይሰርዟት እንግዲህ፤ አንሶላ ማጠፍ እንደሆነ ችላለች።»

የትምህርት ቤቱ ደንብ እንደዚያ ነው፤ ሦስት ቀን የቀረ ስሙ ከዓመቱ መዝገብ ይወጣል፤ ከደወል በኋላ የደረሰም እንደ ቀረ ይቆጠራል። ዘይቱና ሁለቱን ጨርሳለች። አንሶላ ማጠፍ መቻሏም እውነት ነው። በረንዳዬ ላይ ጋዜጣዬን በአራት፣ ከዚያ በስምንት አጥፋ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ ስትሰጠኝ አይቻለሁ። በጣም ቀጥ ያለ ነው። ያን ጋዜጣ እስካሁን አልፈታሁትም።

አምስተኛ።

ባለፈው ሳምንት ለበላይ መሥሪያ ቤትዎ የጻፉት ሪፖርት ግልባጭ ወደ መዝገብ ቤታችን መጣ። ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማኅተሙንም የመታሁ እኔ ነኝ። «በአሰላ ከተማ ለአርባ ሕፃናት ቦታ ተዘጋጅቶ ፍላጎት ያላቸው ስላልተገኙ የተረፈው ገንዘብ ተመላሽ እንዲሆንና ለሚመጣው ዓመት እንዳይያዝ» ይላል።

በእርግጥ አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ ቢያነበው የአሰላ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ሲያወጉ የሚውሉ፣ ምንም የማይቸግራቸው ሰዎች ይመስሉታል። ከተማችንን በዚህ ስላስመሰገኑልን እናመሰግናለን። ሪፖርቱን በቦታው ፋይል አድርጌዋለሁ። ከዚያ ቀጣዩን ወረቀት አነሣሁ። ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ።

ከፊታችን ሰኞ ጥር 28 ቀን ጀምሮ ለአምስት ቀን እንደገና ወደ ኦጎልቾ ታዝዣለሁ። አምስት ጠዋት። ዘይቱና የቀራት አንድ ነው።

ቁልፉን ዛሬ ለወይዘሮ ዙቤዳ ሰጥቻለሁ። ይህን ስላደረግሁ ነገሩ አልቋል ይሉ እንደ ሆነ፣ አላለቀም። የሰባት ዓመት ልጅ ባዶ ቤት ውስጥ ተቆልፎባት ሁለት ሰዓት ከሩብ መሙላቱን የሚነግራት የለም፤ ውጭም ያለፈው ጊዜ የሆነውን አይተናል። ቁልፍ ሰው አይደለም። ፊርማም ሰው አይደለም፤ ይህን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት፣ እርስዎ ግን በሹመት ከእኔ ስለሚበልጡ ምናልባት ከእኔም ዘግይተው ይረዱት ይሆናል።

ስለዚህ በአንቀጽ ዘጠኝ በተፈቀደልኝ መሠረት ከዋስትና ለመውረድ ምትክ አቀርባለሁ። የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። ጠባዩ በየስብሰባው ሲመሰገን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መኖሪያው ከትምህርት ቤቱ በር ሰማንያ እርምጃ ነው፤ እሑድ ዕለት ራሴ ረግጬ ቆጥሬዋለሁ። ሁለቱን ልጆቹን ይህን ሰማንያ እርምጃ በመንግሥት ላንድሮቨር የሚያደርስ መሆኑም ለሕፃናት ያለውን ርኅራኄ ይመሰክርለታል። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ቤቱ ነው። ዘበኛ አለው፣ ሠራተኛ አለው፣ ግድግዳው ላይ የሚደውል ሰዓት አለው፤ ከመንገድ ይሰማል። በረንዳው ከእኔ በረንዳ በሦስት እጥፍ ይሰፋል፤ የጠዋት ፀሐይም ከአሰላ ሁሉ አስቀድማ የምትመታው እሱን ነው።

ይህ ሰው እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ የተሻለ ዋስ በአምስት መቶ እርምጃ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ በሺህም ቢሆን አላገኝም።

ጊዜዎን በዚህ ሁሉ ወረቀት ስለ ተሻማሁ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ለዘረጉት ደንብ፣ ለተቀባው ክፍል፣ ለተረፈው ገንዘብና ለአርባዎቹ ኩባያዎች ደኅንነት ያለኝን አድናቆት ሳልሸሽግ፣ ቤትዎ እንደ ሞቀ እንዲኖር የምመኝ፣ እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ዋስ የሆንኩ፣ ታዛዥ ጎረቤትዎ

ተክለወልድ አሳምነው
የመዝገብ ቤት ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ዙቤዳ፤ ማንበብ ስለማይችሉ አነብላቸዋለሁ
ለወይዘሮ አሰገደች፤ በመስኮት በኩል
ለባለ ጋሪው ቱሳ፤ በዚህ ጉዳይ ከተጠያቂነት ነፃ መሆኑን እንዲያውቅ

ሳልረሳው፦ የዋስትናውን ቅጽ ስምዎን ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ የጎደለው ፊርማዎ ብቻ ነው። ቢፈርሙ ዘይቱና ጠባቂ አላትና በደንቡ ማመልከቻዋ ውድቅ ይሆናል። ባይፈርሙ ያልተሟላ ይሆናል። በሁለቱም ክፍሉ ንጹሕ እንደ ሆነ ይቆይልዎታል፤ ሪፖርትዎም አይበላሽም። እሷ ግን ሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ በረንዳዎ ላይ ትቀመጣለች፤ እናቷ ያደርሷታል። ሰዓትዎ ሁለት ከሩብ ሲደውል ተነሥታ ትሄዳለች። ምንም አትነካም። ጋዜጣ ካገኘች ታጥፍልዎታለች። በር አታንኳኳም፤ ሰው እንዳታስቸግር ተነግሯታል።